የጀርመኑን የካትዎክ ቪዲዮ ኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ እንዴት እንለማመደው?

ኮዬ ፈጬ ያሉ ልጆች ሰሞኑን አንድ የጀርመን የካትዎክ (ሞዴሎች መድረክ ላይ የሚራመዱት አረማመድ) ማሰልጠኛ ቪዲዮ በስልክ እየተቀባበሉ ነው። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ «እኛማ ይሄን አንችለውም» ይላል። በሁለቱም አልስማማም። እንዴት እንደሚታይ ካወቅሽ ቪዲዮው ጥሩ አስተማሪ ነው። ጀርመኖች ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ጀርመናዊቷ ሞዴል ሃይዲ ክሉም የምታቀርበው የሞዴሎች ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲታይ የኖረ ነው።

ቋንቋው አያስጨንቅሽ። «ኮፕፍ ሆኽ» ካሉ ቀና በይ ነው፣ «ላንግዛም» ቀስ በይ፣ «ኖኽ ማል» እንደገና። ይበቃሻል።

መጀመሪያ ድምፁን አጥፊው። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 0.5 አውርጂና የሞዴሏን እግር ብቻ ተከተዪ። ሰው ሁሉ ፊቷንና ልብሷን እያየ ያልፋል፣ ትምህርቱ ያለው ግን ከወገብ በታች ነው። ጥሩ የምትራመድ ሞዴል እግሯ አይጠላለፍም፤ አንዱ ከሌላው ፊት እየቀደመ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ያርፋል፣ ጣቶቿም ወደፊት ያያሉ፣ ዳሌዋ የሚንቀሳቀሰውም ከዚሁ የተነሳ ነው እንጂ ሆን ብላ ስለምታወዛውዘው አይደለም። ዳሌ ለማወዛወዝ ከሞከርሽ ወዲያው ያስታውቅብሻል።

ውጭ ኮብልስቶኑ ላይ አትሞክሪ። ታኮው ድንጋዮቹ መሃል ይሰነቀርና እግርሽን ወለም ይልሻል። ኮሪደሩ ወይም ሊሾ የሆነ ቤት ይሻላል። በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አስምሪና በባዶ እግርሽ ጀምሪ። መስመሩን ቁልቁል ሳታዪ መሄድ ስትችዪ ብቻ ጫማ አድርጊ፣ እሱንም ከአጭር ታኮ ተነስተሽ። ሞዴሎቹ 10 ሳንቲሜትር ስላደረጉ አንቺም ዛሬውኑ ማድረግ የለብሽም። ስትራመጂ ጉልበትሽ ታጥፎ የሚቀር ከሆነ ታኮው ገና በዝቶብሻል ማለት ነው። ልባሽ ጫማ ስትገዢ ደግሞ ተረከዝሽ እየወለቀ ከሆነ የቱንም ያህል ቢያምርሽ ተይው።

የኛ ልጆች በጣም የሚቸገሩት ትከሻ ላይ ነው። እስክስታ ትከሻን ያናግራል፣ ካትዎክ ግን ትከሻ እንዲረጋ ይፈልጋል። ትከሻሽን ወደ ላይ ከፍ አድርጊው፣ ወደ ኋላ ውሰጂው፣ ከዚያ ልቀቂው። እጅሽ በራሱ ጊዜ ይወዛወዝ፣ መዳፍሽን አትጨብጪ። መጽሐፍ ጭንቅላት ላይ አድርጎ መሄድ የሚሉት ነገር አንገት ያስተካክላል፣ ግን እጅን ያደርቃልና ብዙ አትቆዪበት። የሊያ ከበደን የመድረክ ቪዲዮዎች ፈልገሽ ከጀርመኑ ጋር አስተያዪ። አዲስ አበባ ተወልዳ እ.ኤ.አ. በ2003 የመዋቢያ ኩባንያው የኤስቴ ላውደር የማስታወቂያ ፊት የሆነች ሴት ናት፣ ትከሻዋ ምን ያህል እንደሚረጋ እይ።

ዓይንሽን ኮሪደሩ መጨረሻ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በራስሽ ቁመት ልክ፣ አንድ ምልክት ላይ ትከዪ። ጫፍ ስትደርሺ ቁሚ። ክብደትሽን አንድ እግር ላይ ጣዪ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆዪ፣ ዙሪ። ሰውነትሽ ቀድሞ ይዙር፣ ፊትሽ መጨረሻ ላይ ይከተል። ይቺ ብቻ ግማሽ ውበት ናት።

አሁን ወደ ተመልካቾቹ። ኮሪደር ላይ ስትለማመጂ ጎረቤት መውጣቱ አይቀርም። ሕፃናቱ ከኋላሽ እየተከተሉ ይስቃሉ፣ አንዷ እማማ በር ከፍተው «ምነው ልጄ፣ እግርሽን አመመሽ እንዴ?» ይላሉ። ሰላም በያቸውና ቀጥዪ፤ ሰዎች እያዩሽ መራመድም ራሱ ልምምድ ነው። የሁሉንም አስተያየት ግን አትሰብስቢ። እውነቱን የምትነግርሽ አንድ ጓደኛ ምረጪ፣ ስልኩን በወገብሽ ከፍታ ይዛ ከፊት ለፊት ትቅረፅሽ። «አማረብኝ?» ብለሽ አትጠይቂያት፣ በደፈናው «አሪፍ ነው» ትልሻለች። «ትከሻዬ ተንቀሳቀሰ? መሬት አየሁ? ስዞር ተንገዳገድኩ?» በያት። ስለ ቅጥነትሽ፣ ስለ ውፍረትሽ ወይም ስለ ቆዳሽ ቀለም ማውራት የጀመረ ሰው ካለ ግን ስለ አረማመድሽ አይደለም የሚያወራው፣ መልስም አያስፈልገውም። ቅጂውን ከጓደኛሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ አንድ ስህተት ብቻ ምረጡና በሚቀጥለው ዙር እሱን ብቻ አርሚ።