ለኦፕን ሶርስ የኮድ መጻፊያ የወደፊት ማሻሻያ ዕቅድ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በምናስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ ግማሽ ሰዓት ያህል አንድ መስመር ላይ ተቸክላ ቀረች። በመስመሩ ላይ ለዓይን የሚታይ ስህተት አልነበረም። በኋላ እንደተረዳነው፣ ኪቦርዱ ወደ አማርኛ መቀየሩን ዘንግታ ኖሮ፣ ፓይተን የሚፈልገውን የላቲን ሁለት ነጥብ ትታ የግዕዙን ሁለት ነጥብ አስገብታለች። ሁለቱ በስክሪን ላይ መንታ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፍጹም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የዚያን ዕለት ሁላችንም «ይህ መጻፊያ አማርኛ እንዲያውቅ መሻሻል አለበት» ብለን ተስማማን። ስምምነቱ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ማንም ሰኞ ጠዋት ተነሥቶ ሊሠራው የሚችል ነገር ስላልነበረበት ዕቅድ ሊባል አይችልም። ከዚህ በታች የተጻፈው እንዲህ ያለውን ምኞት የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ሊቀበሉት ወደሚችሉት ዕቅድ የመለወጫ መንገድ ነው። ለምሳሌ የምንጠቀመው ለጀማሪዎች የተዘጋጀውንና በኢስቶኒያ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ቶኒ የተባለውን ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱን ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል፣ የፓይተን መጻፊያ ነው።

በመጀመሪያ ችግሮችን እንደ ሐሳብ ሳይሆን እንደ ክስተት መዝግቡ። አንድ ደብተር ለዚሁ ይመደብና ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት በክፍል ውስጥ የሚያጋጥመው ሁሉ ይጻፍበት፦ ተማሪው ምን ሊሠራ እንደፈለገ፣ ምን እንደጻፈ፣ ምን እንደጠበቀ፣ ምን እንደሆነ፣ የመጻፊያውና የፓይተኑ የእትም ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ እንደነበረ። በዚህ ደረጃ መፍትሔ መጻፍ ክልክል ነው። መፍትሔ ቶሎ የሚጽፍ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየው መፍትሔውን የሚደግፈውን ችግር ብቻ ነው፤ ይህን የምለው እኔው ራሴ ደጋግሜ ስላደረግሁት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚወስድና ብዙ ጀማሪ ቡድኖች የሚዘሉት ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ችግር የማን እንደሆነ መለየት ነው። ተማሪው የሚያየው አንድ መስኮት ቢሆንም ከበስተጀርባው ያሉት ብዙ ናቸው፦ ፊደሉን የሚያስገባው የኪቦርድ ፕሮግራም፣ ፊደሉን የሚስለው የኮምፒውተሩ ፎንት፣ መስኮቱን የሚሠራው ቲኬ የተባለው መሣሪያ፣ መጻፊያው ራሱ፣ በመጨረሻም ኮዱን የሚያስኬደው ፓይተን። የግዕዙን ሁለት ነጥብ ያልተቀበለው ፓይተን ነው፤ «ልክ ያልሆነ ምልክት» የሚለው የስህተት መልእክትም የሚወጣው ከፓይተን ነው። ስለዚህ መልእክቱን ለማስቀየር የፓይተንን በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። ቶኒ በበኩሉ ስህተቶችን ለጀማሪ የሚያብራራ ረዳት ክፍል ስላለው፣ «ያስገቡት የግዕዝ ሁለት ነጥብ ነው፤ ኪቦርድዎን ይቀይሩ» የሚል ማብራሪያ እዚያ ማከል ይቻላል። ችግሩ አንድ ሆኖ ሳለ በሮቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለተኛው በር ደግሞ በጣም ቅርብ ነው። ነጠላ ሰረዝም በላቲኑ ኮማ ቦታ ስትገባ ያው ችግር ስለሚፈጠር በአንድ ሥራ ሁለቱንም መሸፈን ይቻላል።

ይህ ማጣራት አንዳንዱን ቅሬታ ከደብተሩ ያሰርዛል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ መስፈርት ነው) ውስጥ ስለገባ፣ ፓይተን 3ም በላቲን ያልተጻፉ ስሞችን ስለሚቀበል፣ «ዋጋ» ወይም «ብዛት» ብሎ ተለዋዋጭ መሰየም ዛሬም ይቻላል፤ በዕቅድ ውስጥ ቦታ አያስፈልገውም። ሌላው ምሳሌ የግዕዝ ቁጥር ነው። ተማሪዎቻችን ፭ ብለው ጽፈው ወደ ቁጥር ለመቀየር ሲሞክሩ ፓይተን እምቢ ይላቸዋል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለውና የአኃዙ ዋጋ እንደ ቦታው ስለማይለዋወጥ ዩኒኮድ ከአስርዮሽ አኃዞች ጋር አልመደበውም፤ ስለዚህ እምቢታው ጉድለት ሳይሆን ትክክለኛ ባሕርይ ነው። በአንጻሩ ለኮድ መጻፊያ የሚውሉ እኩል ስፋት ያላቸው ብዙ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ዓምዶቹም ይዛነፋሉ። ይህኛው እውነተኛ ችግር በመሆኑ በደብተሩ ላይ ይቆያል።

ሦስተኛው እርምጃ የፕሮጀክቱን የቆየ መዝገብ ማንበብ ነው። የተከፈቱትን ብቻ ሳይሆን የተዘጉትን ጥያቄዎችም አንብቡ፤ እናንተ ያሰባችሁት ከዚህ በፊት ተጠይቆ በበቂ ምክንያት ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የፈቃዱን ዓይነትም እዩ። ቶኒ የሚሰራጨው በኤምአይቲ ፈቃድ ስለሆነ መቀየርም ሆነ ማሰራጨት ይቻላል።

የመልቀቂያ የጊዜ ሰሌዳም አለ። ፓይተን ከ3.9 ወዲህ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር አዲስ እትም ያወጣል፤ አዲስ ባሕርይ መጨመር የሚቆመው ግን የመጀመሪያው የቤታ ሙከራ በሚለቀቅበት በሜይ ወር ነው። በእኛ አቆጣጠር እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ተቀባይነት ያላገኘ ሐሳብ ለቀጣዩ የኦክቶበር እትም አይደርስም ማለት ነው። ተጠቃሚዎቻችሁ የያዙትን ኮምፒውተርም ከዚሁ ጋር አስቡ። ዊንዶውስ 7ን የሚደግፈው የመጨረሻው የፓይተን እትም 3.8 ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ባሕርይን የሚፈልግ ማሻሻያ በአሮጌ ኮምፒውተር የሚማሩትን ከበር ውጭ ያስቀራል።

ከዚህ በኋላ ምርጫ ይመጣል። የቀሩትን ችግሮች በሦስት ክፈሉ፦ ለብቻው ተሠርቶ በመጻፊያው ላይ የሚጫን ተጨማሪ ሆኖ የሚፈታ፣ በመጻፊያው ዋና ኮድ ውስጥ የሚገባ፣ ከመጻፊያው ውጭ ያለ። ለእያንዳንዱም ስንት ተማሪ እንዳጋጠመው፣ ስንት ቅዳሜ ሥራ እንደሚወስድ፣ ከተሠራም በኋላ ማን እንደሚንከባከበው ጻፉ። ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው ሥራው አይመረጥ። ፋሲል ግቢን የጎበኘ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ከዐፄ ፋሲል በኋላ የነገሡት እነ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ዳዊትና በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብም ጭምር፣ የቀዳሚውን ግንብ ሳያፈርሱ የየራሳቸውን ጎን ለጎን አቁመዋል። ተጨማሪ ፕሮግራምም በዚህ መንገድ የሚታነጽ ስለሆነ ለጀማሪ ቡድን ከሁሉ የተሻለ መነሻ ነው። ልዩነቱ ግንቡ ንጉሡ ካለፈ በኋላም ለዘመናት መቆሙ ነው፤ ተጨማሪ ፕሮግራም ግን የሚያየው ሰው ካጣ መጻፊያው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታደስ መሥራቱን ሊያቆም ይችላል።

የተመረጠውን ሥራ በጽሑፍ አቅርቡ። የፓይተን ማኅበረሰብ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ ለውጦችን ፔፕ በሚባል የማሻሻያ ሐሳብ ሰነድ ሲያስተናግድ ኖሯል፤ የሰነዱ አወቃቀር ለትንሽ ሥራም ይሆናል። ችግሩን፣ የቀረበውን ለውጥ፣ የታሰቡና የተተዉ ሌሎች መንገዶችን፣ ከነበረው አሠራር የሚሰበረውን፣ ሠሪውን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ። የእኛ ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦ «በአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፉ ጀማሪዎች በላቲን ሥርዓተ ነጥብ ፈንታ የግዕዙን ያስገባሉ። ረዳት ክፍሉ አምስት የግዕዝ ምልክቶችን ለይቶ የላቲን አቻቸውን እንዲጠቁም የሚያደርግ ተጨማሪ እናቀርባለን። ምልክቶቹን በራሱ እንዲቀይር ማድረግን አስበን ትተናል፤ በጥቅስ ውስጥ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ አብሮ ይበላሻልና።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ አንባቢው ቡድኑ ምን ያህል እንዳሰበበት የሚለካው በተወው መንገድ ነው። ወደ ፕሮጀክቱ የሚላከው በእንግሊዝኛ ቢሆንም የአማርኛው ረቂቅ ከክፍሉ መምህራን ጋር ለመመካከር ይጠቅማል።

«የሚሰበረው» የሚለውን ክፍል ማንም በችኮላ እንዳያልፈው። ፓይተን 3 በዲሴምበር 2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከፓይተን 2 ጋር የማይስማማ ነበር፤ የፓይተን 2 መሰናበቻ ለ2015 ታቅዶ የቆየ ቢሆንም የተጻፈው ኮድ ብዛት ስላስገደደ ወደ 2020 ተገፍቷል።

የጊዜ ሰሌዳ ስታወጡ የራሳችሁን ዓመት መነሻ አድርጉ። በጎንደር ጥር 10 እና 11 ቀን ሥራ መመደብ በከንቱ መድከም ነው፤ የፈተና ሳምንታትንም ባዶ ተዉ። ኔትወርክ በሚቋረጥበት ጊዜ ሥራው እንዳይቆም ጊት የተባለውን የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ተጠቀሙ፤ ጊት የለውጡን ታሪክ በሙሉ በየሰው ኮምፒውተር ስለሚያስቀምጥ ያለ ኢንተርኔት መሥራትና በኋላ ማዋሐድ ይቻላል። ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ እኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የምንለው እነሱ 10 ሰዓት የሚሉት ነው፤ በክረምታቸው ወራት ደግሞ ኢስቶኒያ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች።

ዕቅዱን መጻፊያው አዲስ እትም ባወጣ ቁጥር እንደገና ክፈቱት። በሁለት ተከታታይ እትሞች ማንም ያልነካውን ሥራ ሰርዙ፤ የተሰረዘበትን ምክንያት ግን ከቀኑ ጋር አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ፈቃደኛ ያንኑ ጥያቄ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። የተጠናቀቀውን ሥራ ደግሞ «አልቋል» ከማለታችሁ በፊት ችግሩ በተመዘገበበት ክፍል፣ በዚያው ኮምፒውተር፣ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይራችሁ፣ ከጎን ሆናችሁ ምንም ሳትናገሩ ተማሪዋ ራሷ ስትጠቀምበት እዩ።