የቢላዋ ብረትን ከዜሮ በታች ማቀዝቀዝ፦ ለየትኛው ብረት ይጠቅማል? እንዴትስ ይሠራል?

ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ወይም ፈሳሽ ናይትሮጅን ለመግዛት ከመነሣትዎ በፊት በእጅዎ ያለው ብረት ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ። ለአንዱ ብረት ድካሙ የሚያስመሰግን ሲሆን ለሌላው ከንቱ ወጪ ነው።

ብረት በምድጃ ውስጥ ሲግል ውስጣዊ መዋቅሩ ኦስቴናይት ወደሚባለው ይለወጣል፤ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጠንካራው ማርቴንሳይት ይፈጠራል። ይህ ለውጥ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት የሙቀት መጠን አለው። በብረቱ ውስጥ የሟሟው ካርቦንና ክሮሚየም በበዛ ቁጥር ማብቂያው ወደ ታች እየወረደ ከዜሮም በታች ይሄዳል። ያን ጊዜ ቢላዋው በእጅ እስኪያዝ ቢቀዘቅዝም ከፊሉ ኦስቴናይት ሳይለወጥ ይቀራል። እሱ ለስላሳ ስለሆነ ስለቱ ቶሎ ይታጠፋል። ሲስሉትም በጫፉ ላይ የሚንጠለጠለው ቀጭን የብረት ክር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይገላበጣል እንጂ አልላቀቅ ይላል። ከዜሮ በታች ማቀዝቀዝ ከዚህ የቀረው ኦስቴናይት አብዛኛውን ወደ ማርቴንሳይት ይለውጠዋል።

1075፣ 1084 እና 5160 በሚባሉ ቁጥሮች የሚጠሩትና የመሳሰሉት የሚዝጉ ብረቶች በአግባቡ ከተሞቁ የሚቀርባቸው ኦስቴናይት ጥቂት ነው፤ ገንዘብዎን የጋለውን ብረት ለማቀዝቀዝ ለሚሆን ጥሩ ዘይት ያውሉት። ኤኢቢ-ኤል፣ 440ሲ እና ኤስ30ቪን ለመሰሉ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለሚሞቁ የማይዝጉ ብረቶች ግን ቅዝቃዜው ብዙውን ጊዜ በሮክዌል ሲ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይጨምራል። ለእነዚህ ያለማመንታት ይጠቅማል እላለሁ።

የቤት ፍሪዘር ወደ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚደርስ ከምንም ይሻላል፤ ብዙ አይጠብቁበት። ደረቅ በረዶ 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ ከጥቅሙ አብዛኛው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን የሚጨምረው ጥቂት ነው። በቀላሉ ከሚገኝበት ቦታ ካልሆኑ እሱን ፍለጋ አይንከራተቱ።

አሠራሩን በኤኢቢ-ኤል እንየው።

1. ምድጃውን ከመለኮስዎ በፊት የቅዝቃዜውን መታጠቢያ ያዘጋጁ። ረጅም የብረት ዕቃ በወፍራም ፎም ሳጥን ውስጥ አቁመው አልኮል ይጨምሩበት። የተሰባበረውን ደረቅ በረዶ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ በአንዴ ካፈሰሱት ገንፍሎ ይወጣል። ፍልቅልቁ ጋብ ብሎ ያልተነኑ ቁርጥራጮች ከታች ሲቀሩ ዝግጁ ነው። አሴቶን ፎሙን ስለሚበላው አልኮል ይሻላል። ሁለቱም ተቀጣጣይ ስለሆኑ ዕቃውን ከእሳትና ከጋለ ብረት አርቀው ያስቀምጡት።

2. ቢላዋውን አየር እንዳይነካው በሚከላከል የማይዝግ ብረት ፎይል ጠቅልለው ከ1,065 እስከ 1,080 ዲግሪ ያሙቁት፤ ሙቀቱን ከደረሰ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት። የምድጃዎ ቴርሞሜትር የማይታመን ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። ከልክ በላይ የጋለ ብረት ክሪስታሉ ይገዝፋል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ቅዝቃዜ አይመልሰውም።

3. በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ በሁለት ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች መካከል አስገብተው ይጫኑት። ገና ሞቅ እንዳለ ወደ ብርሃን አንሥተው በጀርባው በኩል ይመልከቱ፤ ከጠመመ በጓንት ይዘው ቀስ ብሎ ማቃናት የሚቻለው በዚያች አጭር ጊዜ ነው።

4. ወደ ክፍሉ ሙቀት እንደወረደ ሳይዘገዩ በሽቦ አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ በመታጠቢያው ውስጥ ይንከሩት። ከዘገዩ የቀረው ኦስቴናይት ይረጋና ለመለወጥ እምቢ ይላል። ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይበቃል፤ ማርቴንሳይት የሚፈጠረው እንደ ሙቀቱ መውረድ እንጂ እንደ ጊዜው ርዝመት አይደለምና። ሌሊቱን ሙሉ ማቆየት ሌላ ጥቅም ይሰጣል የሚሉ አሉ፤ ጉዳዩ ባለሙያዎችን ያከራክራል፤ እኔ አልደክምበትም።

5. አውጥተው በአየር ላይ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ፤ ሙቅ ውኃ አያፍስሱበት። አዲሱ ማርቴንሳይት እንደ መስታወት ተሰባሪ ስለሆነ እንዳይወድቅብዎ ይጠንቀቁ። ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ ወዲያው በ175 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ያሙቁት፤ ሲቀዘቅዝም አንድ ጊዜ ይድገሙት።

አንዳንዶች ብረቱ እንዳይሰነጠቅ በመስጋት ከቅዝቃዜው በፊት በ150 ዲግሪ ገደማ ጥቂት ያሞቁታል። ስንጥቁን ይቀንሳል፤ ግን የቀረውን ኦስቴናይት ስለሚያረጋው ከጥቅሙ ከፊሉን ይወስዳል። ለቀጥተኛና ቀጭን ቢላዋ አያስፈልግም።

በጋዙ አይቀልዱ። 1 ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ስለሚሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰው ሳያውቀው ራሱን እንዲስት ያደርጋል። ደረቅ በረዶም አየሩን ይበክላል። መስኮት ይክፈቱ፤ ሁለቱንም ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ ውስጥ በፍጹም አያስቀምጡ፤ ይፈነዳል። መነጽርና በቀላሉ የሚወልቅ ጓንት ያድርጉ።

ለውጥ ማምጣቱን ለማወቅ ከአንድ ብረት ሁለት ቁራጮች ቆርጠው አንዱን ብቻ ያቀዝቅዙና ሁለቱንም በጥንካሬ መለኪያ ያስለኩ፤ የ1 ወይም የ2 ነጥብ ልዩነት በሞረድ አይታወቅም። ጥንካሬ ሲጨምር የመሰበር ሥጋትም ጥቂት ይጨምራል። ለከባድ ቆረጣ የሚሆን ቢላዋ ከሆነ የ175 ዲግሪውን ማሞቂያ ወደ 200 ዲግሪ ከፍ ያድርጉት።