በደሴ ዋና ጎዳና ላይ የትራፊክ መጨናነቅን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የከተማዋም ዋና መንገድ ነው፤ የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና እግረኛው በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። መንገድ ማስፋት ቤት ማፍረስን ስለሚጠይቅ፣ ባለው አስፋልት በአግባቡ ከመጠቀም መጀመር ይሻላል።

በመጀመሪያ ቆጠራ ይደረግ። ተማሪና ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓትና በገበያ ቀን በፒያሳ በኩል ስንት ተሽከርካሪ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው እንደሚያልፍ ይመዝገብ፤ ብዙ ሰው የጫነ አውቶቡስ ከአንድ የቤት መኪና እኩል ከተቆጠረ ውሳኔው ይዛባልና።

ቀጥሎ ወደ ፌርማታው ይኬዳል፤ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው። ሚኒባስ መንገድ መሐል ቆሞ ሲጭን ከኋላው ያለው ሁሉ ስለሚቆም፣ ፌርማታው ከመስቀለኛ መንገድ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱም ወደ ዳር ገባ ብሎ ይሠራ፤ ተራ አስከባሪም ይመደብለት። ይሁን እንጂ የሾፌሩና የረዳቱ ገቢ በተሳፋሪ ቁጥር ላይ እስከተመሠረተ ድረስ በየቦታው መቆማቸው አይቀርም። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ በ1993 ዓ.ም. ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የአውቶቡስ አገልግሎት ስትጀምር ለአንቀሳቃሾቹ ክፍያውን በዋናነት በተጓዙት ኪሎ ሜትር ማድረጓ ለዚህ ነበር። የደሴ ታክሲ ማኅበራትም ቢያንስ በአንድ መስመር የዕለት ገቢን በጋራ ቋት ሰብስቦ መካፈልን ቢሞክሩ ሽሚያው ይረግባል።

ባጃጆች ከዋናው ጎዳና ወጥተው ዳገታማ ሰፈሮችን ከፌርማታዎቹ ጋር ያገናኙ። የጭነት መኪናዎች ማራገፊያ ሰዓትም ከጠዋቱና ከማታው ግርግር ውጭ ይሁን።