የዶክትሬት ጥናትን መጽሐፍ አድርጎ ለማሳተም

የመመረቂያ ጽሑፍ የማንበብ ግዴታ ላለባቸው ፈታኞች ይጻፋል፤ መጽሐፍ ግን ካልጣመው ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ለሚያጥፈው አንባቢ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ወደ አሳታሚ ከመሄዱ በፊት ክለሳ ድርሳናቱ (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳው) እና የጥናቱን ዘዴ የሚያትተው ምዕራፍ ወጥተው፣ የግድ የሚያስፈልገው ብቻ ወደ መግቢያውና ወደ ግርጌ ማስታወሻው ይግባ። «ይህ ምዕራፍ የወሎን የመሬት ግብር ይዳስሳል» ብሎ ከመጀመር፣ አንድ ባላገር ለአውራጃው ፍርድ ቤት ባስገባው አቤቱታ ምዕራፉን መክፈት ይሻላል።

አሳታሚ ለመምረጥ የራስን ዋቢ መጻሕፍት ማየት ይበቃል፤ ደጋግመው የተጠቀሱትን መጻሕፍት ያወጣው ድርጅት ለጉዳዩ ቅርብ ነው። መጽሐፉን ለአሳታሚ በሚያስተዋውቀው ማመልከቻ፣ በፕሮፖዛሉ፣ የመጽሐፉ ዋና መከራከሪያ በአንድ አንቀጽ ቀድሞ ይቀመጥና የምዕራፎቹ ጭብጥ፣ የቃላቱ ብዛት፣ የካርታዎቹ ቁጥርና ረቂቁ የሚጠናቀቅበት ጊዜ ይከተላሉ። ፕሮፖዛልን ለብዙዎች መላክ ይቻላል፤ ሙሉ ረቂቅን ሳያሳውቁ ለሁለት አሳታሚዎች ለግምገማ መስጠት ግን ነውር ነው።

የገምጋሚዎች አስተያየት ሲደርስ ለአርታኢው በነጥብ በነጥብ መልስ ይጻፋል። ያልተቀበሉትን ነጥብ በዝምታ ከማለፍ ምክንያቱን መግለጽ ያስከብራል።

በእንግሊዝኛ የሚያሳትም ኢትዮጵያዊ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡት፣ ሌላው ምክር ሰጪ የማያነሳቸው፣ ስምና ዘመን ናቸው። የአገራችንን የስም ሥርዓት የማያውቅ አርታኢ የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን በመጠቁሙ (በመጽሐፉ መጨረሻ ባለው የስሞችና የርእሶች ማውጫ) ውስጥ «ዘውዴ» ብሎ ያሰፍራል፤ ስለዚህ የኢትዮጵያውያን ስም በራሳቸው መጠሪያ እንዲደረደር ረቂቁ ሲላክ በጽሑፍ ማሳሰብ ያስፈልጋል። ደርግ ሥልጣን የያዘበት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ነው፤ በልማድ ስምንት ዓመት የደመረ ሰው ግን 1975 ላይ ይደርሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ስለሆነ፣ ወሩ የማይታወቅ ሰነድ ሁለቱንም ዓመት በእዝባር (/) ይዞ ይጠቀስ።

ውሉ ሲቀርብ፣ በእኔ እምነት፣ ከክፍያው ይልቅ አጥብቆ መያዝ የሚገባው የአማርኛ ትርጉም መብትንና የአገር ውስጥ እትምን ነው፤ የውጭው ጥራዝ ዋጋ ከአገራችን ተማሪ አቅም በላይ ነውና። የእንግሊዙ አሳታሚ ጄምስ ከሪ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ጋር በጋራ ያሳተማቸው መጻሕፍት ስላሉ ጥያቄው ለአሳታሚዎች እንግዳ አይደለም፤ መቅረብ ያለበት ግን ከፊርማው በፊት ነው።