ማን ከማን ጋር ቧንቧ ይጋራል? የዩኒቨርሲቲ ዶርም ለሚነድፉ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ አዲስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከቀዬው እጅግ ርቆ፣ አንዳንዴም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ከማያውቅላቸው ልጆች ጋር በተደራራቢ አልጋ ያድራል። ዓመቱ ሲያልቅ ከእነማን ጋር ተወዳጅቶ እንደሚገኝ በአመዛኙ የሚወስነው በሩ ከማን በር ጋር እንደሚገጥምና ውኃ ከየትኛው ቧንቧ እንደሚቀዳ ነው። ስለዚህ ማደሪያ የሚነድፍ አርክቴክትም ሆነ የሚያሠራ ዩኒቨርሲቲ ጉዳዩን ለተማሪዎች ዲን ብቻ ትቶ ሊያልፍ አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ መቆረጥ ያለበት ቁጥር ነው፤ አንድን መታጠቢያና አንድን የሽንት ቤት መቀመጫ ስንት ሰው ይጋራል? አንድሩ ባውምና ስቱዋርት ቫሊንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባካሄዱት ጥናት፣ በረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ የሚኖሩና መታጠቢያ ከመላው ፎቅ ጋር የሚጋሩ ተማሪዎች፣ ክፍሎቻቸው በጥቂት በጥቂቱ ከተሰባሰቡላቸው ይልቅ መጨናነቅ ይሰማቸው ነበር፤ ከዶርማቸው ውጭ እንኳ ከማያውቁት ሰው ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ኮፐንሃገን ውስጥ የተጠናቀቀው ክብ የቲትገን ማደሪያ 360 ክፍሎች ቢኖሩትም አንድን ኩሽና የሚጋሩት 12 ሰዎች ብቻ ናቸው። በእኛ አገር ለአንድ ተማሪ አንድ ክፍል የማይታሰብ በመሆኑ ስሌቱ ይለያል። በአንድ ፎቅ 20 ክፍሎች፣ በየክፍሉም 6 ተማሪዎች ቢኖሩ 120 ሰው ይሆናል፤ ፎቁ አራት አራት ክፍል ወደያዙ አምስት ቡድኖች ቢከፈል ግን እያንዳንዱ ቡድን 24 ሰው ይኖረዋል፤ ይህ ደግሞ ሁሉም በስም ሊተዋወቅ የሚችልበት መጠን ነው። የአራቱ ክፍሎች በሮች ብርሃን ወደሚገባው አንድ የጋራ ደጃፍ ይከፈቱ።

ደረጃውም መታሰብ አለበት። ፌስቲንገር፣ ሻክተርና ባክ በአንድ የአሜሪካ የተማሪዎች መኖሪያ ሠፈር ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት ሥራ፣ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሰዎች ይበልጥ እንደሚወዳጁና በደረጃ ግርጌ የሚኖሩት ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር የመቀራረብ ዕድላቸው እንደሚሰፋ አሳይቷል። ደረጃን በሕንፃው ጫፍና ጫፍ ብቻ መትከል ይህን ዕድል ያባክናል። ዋናው ደረጃ መሐል ላይ ይሁን፤ መታጠፊያው ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ሦስተኛው ሳይገፋቸው እንዲያልፍ ሆኖ ይስፋ፤ የማስታወቂያ ሰሌዳውም እዚያው ይሰቀል።

እኔ በግሌ ከሁሉ አብልጬ የምጨነቅለት የልብስ ማጠቢያው ነው። በተማርኩበት ግቢ ገንዳው ከብሎኩ ጀርባ ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ ስለተሠራ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ፊታችንን ወደ ሲሚንቶ አዙረን፣ ከጎናችን ያለውን ሰው ክርን እንጂ ፊት ሳናይ እናጥብ ነበር። ገንዳው ከግድግዳ ተላቆ፣ በወገብ ልክ ከፍ ብሎ፣ ከሁለት ወገን ፊት ለፊት ተያይተው የሚያጥቡበት ሆኖ ቢሠራና ከላዩ የቆርቆሮ ጣሪያ ቢደረግለት፣ ወጪው ብዙም ሳይጨምር ቦታው የጨዋታ ቦታ ይሆናል። የታጠበ ልብስ እንዳይጠፋ ባለቤቱ እስኪደርቅ መጠበቁ ስለማይቀር፣ ማስጫ ገመዱ ፀሐይ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩም ገመዱ በሚታይበት ጥላ ሥር ይሁን። ውኃ በሚጠፋበት ጊዜ ሰው ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ሮቶው ዘንድ በመሆኑ፣ በሮቶው ዙሪያም መቀመጫ የሚሆን ዝቅተኛ ግንብ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ምድጃ በዶርም ውስጥ መከልከሉ ተገቢ ነው፤ መስመሩን ያጨናንቃል፣ እሳትም ያስነሳል። ሆኖም መከልከል ብቻውን ምድጃውን አልጋ ሥር ያስደብቀዋል እንጂ አያስቀረውም። ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ ብሬከርና የጢስ መውጫ ያለው ጠባብ የቡና ማፍያ ክፍል ከረከቦት ማስቀመጫ ጋር ይሰጠው። ጿሚውና የማይጾመው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሥጋ ቢለያዩም ቡና ላይ አብረው ይቀመጣሉና፣ ንድፉ ከትልቅ ኩሽና ይልቅ ለቡናው ቅድሚያ ቢሰጥ እመርጣለሁ።

ብቻውን የሚሆንበት ያጣ ሰው አብሮነትንም ይሸሻል። ስለዚህ ለየአልጋው መጋረጃና የግል መብራት፣ የሚቆለፍ ሎከር፣ እንዲሁም ከቡናው ክፍል ርቆ ሌሊቱን ክፍት የሚሆን የጥናት ክፍል ያስፈልጋል፤ ሌሊት የሚያጠናና በጊዜ የሚተኛ በአንድ አምፖል መጣላታቸው የተለመደ ነው። አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችም በምድር ቤት ባሉት ቡድኖች ሁሉ ይከፋፈሉ እንጂ ለብቻቸው በአንድ ብሎክ አይሰብሰቡ።

ሕንፃው ሥራ በጀመረ በአንደኛው ሴሚስተር መጨረሻ ንድፍ አውጪው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዶ ከፕሮክተሯ (ከማደሪያው ተቆጣጣሪ) ጋር ፎቆቹን ይዙር። ተማሪዎች በራሳቸው ወንበር አውጥተው የሚቀመጡበት ጥግ ካገኘ ይለካው፤ በሚቀጥለው ብሎክ አግዳሚው እዚያው ቦታ ላይ ይሠራል።