የቆቧ ነገር፦ በፈረንሳይኛ ሱብዦንክቲፍ አንፓርፌ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪዬን ጽሑፍ ሳርም እዚያው የማውቀው ስህተት ላይ ደረስኩ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። «አፕሬ ኪል ፉ ፓርቲ» ይላል፤ «ከሄደ በኋላ» ማለቱ ነው። ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ምንም እንከን የለውም። ወረቀቱ ላይ ግን «ፉ» የምትለዋ ቃል አናቷ ላይ ቆብ ተደፍቶባታል፤ ፈረንሳዮቹ አክሳን ሲርኮንፍሌክስ የሚሏት ምልክት። እዚህ ቦታ ቆቧ ምንም ሥራ የላትም። ልጁ ጎበዝ ነው። ይህን ስህተት የሚሠሩት ደግሞ ሁልጊዜ ጎበዞቹ ናቸው።

ሱብዦንክቲፍ ምን እንደሆነ እዚህ በዝርዝር አላብራራም፤ ምኞትን፣ ፍርሃትንና ገና ያልሆነን ነገር የሚናገር የግስ መልክ ነው፤ አንፓርፌው ደግሞ የኃላፊ ጊዜ መልኩ። ፕሬዛኑን (የአሁን ጊዜ መልኩን) ገና ያልጨረሰ ሰው መጀመሪያ እሱን ይጨርስ። ይህ ጽሑፍ ልቦለድ ማንበብ ለጀመሩ፣ ለትርጉም ሥራ ለሚዘጋጁ፣ የድሮ ደብዳቤና ሰነድ ለሚያገላብጡ ነው።

«አፕሬ ክ» ላይ ቆብ መድፋት

ከዚህ እጀምራለሁ፤ ያንገበገበኝ እሱ ነውና። «አፕሬ ክ» («ከ… በኋላ») አንዲካቲፍ ነው የሚወስደው፤ የሆነን ነገር እንደ ሐቅ የሚናገረውን የግስ መልክ። ነገሩ ሆኗል፤ አልቋል፤ የሚያጠራጥር የለም። «አቫን ክ» («ሳይ… በፊት») ግን ሱብዦንክቲፍ ይወስዳል፤ ነገሩ ገና አልሆነምና። ስለዚህ «አፕሬ ኪል ፉ ፓርቲ» ያለ ቆብ ይጻፋል። «አቫን ኪል ፉ ፓርቲ» በቆብ ይጻፋል። ድምፃቸው አንድ ነው። ጆሮ እዚህ ቦታ ምንም አይረዳችሁም፤ የሚለየው እጅ ነው።

ደግሞ አማርኛችን ራሱ ይህን ይለያል እኮ! «ከሄደ በኋላ» እንላለን፤ «ሄደ» ያለቀለት ግስ ነው። «ሳይሄድ በፊት» እንላለን፤ ገና ስላልሄደ በአሉታ እንናገረዋለን። «ከሄደ በፊት» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ልዩነቱን ከእናታችን ጓዳ ይዘነው ወጥተን ፈረንሳይኛ ላይ ስንደርስ እንጥለዋለን። ስትጠራጠሩ አረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ መልሱት። «ከ… በኋላ» ከሆነ ቆብ የለም። «ሳይ… በፊት» ከሆነ ቆብ አለ።

ስህተቱ ለምን እንደሚደጋገም ይገባኛል። ፈረንሳዮቹም ራሳቸው በንግግር ከ«አፕሬ ክ» በኋላ ሱብዦንክቲፍ ያስገባሉ፤ «አቫን ክ» እየጎተታቸው ነው። እነሱ ሲሉት የሰማ ተማሪ ደግሞ የረቀቀ ፈረንሳይኛ ይመስለዋል። ቆቧንም ለክብር ይደፋባታል።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የፊደል ማሻሻያ ከብዙ ቃላት «ኢ» እና «ኡ» ላይ ቆቧን አንስቷል። ይህን የሰማ ተማሪ «ተገላገልኩ» ይላል። አልተገላገለም። ማሻሻያው የፓሴ ሳምፕልን፣ ማለትም የጽሑፍ ትረካውን ኃላፊ ጊዜ፣ እና የሱብዦንክቲፍን መድረሻዎች አልነካም። እዚያ ቆቧ ትርጉም ትለያለች።

ለ«እሱ» እና ለ«እሷ» «ፓርላስ» ማለት

«ፓርሌ» (መናገር) የሚለውን ግስ ውሰዱ። የተለመደው ሰንጠረዥ እንዲህ ይሄዳል፦ ክ ዥ ፓርላስ፣ ክ ቱ ፓርላስ፣ ኪል ፓርላ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱ «ኤስ» ይጠፋሉ፤ በምትካቸው ቆብና «ቴ» ይመጣሉ። «ቴ»ው አይነበብም። ተማሪው ግን የመጀመሪያውን ይይዝና ለሁሉም ያድለዋል። «ኪል ፓርላስ» ብሎ ይጽፋል። ሌላውን ሁሉ ረስታችሁ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህችን ሦስተኛ መደብ ነጠላ ያዙ። ዛሬ መጻሕፍት ውስጥ በብዛት የምታገኟት እሷን ነው። «ፓርላሲዮን» እና «ፓርላሲዬ» የሚሉትን ፈረንሳዮቹ ራሳቸው የሚሸሿቸው ናቸው፤ ለጆሮ ይከብዳሉ።

አንዷን «ኤስ» መጣል

በፈረንሳይኛ በሁለት አናባቢ መሃል ያለች አንዲት «ኤስ» «ዝ» ሆና ትነበባለች። ስለዚህ «ፓርላስ» በአንድ «ኤስ» ከተጻፈ «ፓርላዝ» ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ሁለት ሲሆኑ ደግሞ እንደ አማርኛ አታጥብቋቸው። እኛ «አለ» እና «አለ»ን በጥብቀት ስለምንለይ ሁለት ፊደል ስናይ መጫን ይቀናናል። ፈረንሳይኛ እዚህ ጋ ላልቶ ነው የሚነበበው።

ግንዱን ከማይሆን ቦታ መቁረጥ

«ቨኒር» (መምጣት) ከሚለው ተነስቶ «ቨኒስ» የሚል አይቻለሁ። ከፕሬዛኑ ተነስቶ «ቪየናስ» የሚልም አይቻለሁ። ግንዱ የሚመጣው ከፓሴ ሳምፕል ነው፤ ከ«ቱ» («አንተ») መደብ። «ቱ ቫን» ብላችሁ ጻፉ፤ መጨረሻው «ኤስ» ነው። እሱ ላይ «ኤስ» እና «ኧ» ጨምሩ፦ «ቫንስ» ወጣላችሁ። «ቱ ፉ» ላይ ጨምሩ፦ «ፉስ»። «ቱ ፓርላ» ላይ ጨምሩ፦ «ፓርላስ»። አንድ ቁልፍ ለሁሉም በር ነው። ፓሴ ሳምፕልን ያላጠና ሰው ግን ቁልፉ እጁ ላይ የለም፤ ወደዚያ ይመለስ።

እግረ መንገዴን፦ «ፊስ» የ«ፌር» ነው፣ «ፉስ» የ«ኤትር» ነው። «ቪስ» የ«ቭዋር» (ማየት) ነው፣ «ቫንስ» የ«ቨኒር» ነው። በአንድ ፊደል ስህተት «ማድረግ» «መሆን» ይሆናል። ከንፈራችሁን አሹላችሁ «ኢ» በሉ፤ የፈረንሳይኛው «ኡ» እዚያ ነው ያለው።

ከፍርሃት በኋላ የምትመጣዋን «ን» አሉታ ማድረግ

ይህን እኔ ሠርቼዋለሁ። ትርጉም በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ታሪክ ስመልስ እንዲህ የሚል አረፍተ ነገር መጣ፦ «ኤል ክሬኜ ክ ሶን ፊስ ን ፉ ሞር»። ቆቧን አላየኋትም። «ን»ን ደግሞ «አል…ም» አድርጌ ወሰድኳት። «ልጇ ስላልሞተ ፈራች» ብዬ ጻፍኩ። እናቲቱን የልጇን ሞት የምትመኝ አደረግኳት! ያረመኝ ሰው ገጹን መልሶ ከጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ አንዲት ቃል አልተናገረም። እስካሁን አልረሳሁትም።

ትክክለኛው «ልጄ ሞቶ ይሆን ብላ ሰጋች» ነው። ያቺ «ን» አሉታ አይደለችም። ለእኛ ደግሞ እንግዳ ልትሆን አይገባም ነበር። «ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ» ስንል የፈራነው ማምለጡን ነው። «እንዳያ…» አሉታ ብትመስልም ማንም አይደናገርባትም። የፈረንሳይኛዋ «ን» የዚህች እህት ናት። ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ተማሪዎቼን በሌላ መንገድ አስተምሬ አላውቅም።

ከ«ሲ» በኋላ ማስገባት

«ሀብታም ብሆን» ለማለት «ሲ ዥ ፉስ ሪሽ» አትበሉ። «ሲ ዤቴ ሪሽ» ነው፤ አንዲካቲፍ አንፓርፌ። «ሲ» ስትጠፋና ግሱ ሲቀድም ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ «ፉ-ቲል ሪሽ» በቆብ ሲጻፍ «ሀብታም ቢሆን እንኳ» ማለት ነው። «ዱ-ቲል አን ሙሪር» ደግሞ «ቢሞትም እንኳ» ነው። እነዚህ ዛሬም ሕያው ናቸው። በቃላችሁ ያዟቸው።

«ኢል ኡ ቩሉ»ን «ፈልጎ ነበር» ብሎ መተርጎም

«ኡ» ላይ ቆብ ካለ «በፈለገ ነበር» ነው፤ ያልሆነ ነገር። ቆብ ከሌለ የሆነ ነገር ነው። በድሮ ልቦለድ ውስጥ በየገጹ ይገጥማችኋል።

አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዘመን መቀላቀል

«እንዲመጣ እፈልጋለሁ»፤ «እንዲመጣ ፈልጌ ነበር»። ዋናው ግስ ወደ ኋላ ሄደ፤ «እንዲመጣ» ግን ንቅንቅ አላለም። በድሮው የፈረንሳይኛ ሥርዓት ጥገኛው ግስ ዋናውን ይከተለዋል፦ «ዥ ቩሌ ኪል ቫን»። ዛሬ በንግግርም በጋዜጣም «ዥ ቩሌ ኪል ቪየን» ነው። ማለትም የዛሬው ፈረንሳይኛ በዚህ ነገር ወደ እኛ ቀርቧል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስተውለው ደስ አለኝ።

ይህ ማላላት አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 1901 የወጣው የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስትር ውሳኔ ከኮንዲሲዮኔል (ቅድመ ሁኔታን ከሚያሳየው የግስ መልክ) በኋላ ፕሬዛኑን ፈቅዷል። «ኢል ፎድሬ ኪል ቪየን» ከ120 ዓመት በላይ ስህተት አይባልም። በዚህ ምክንያት ነጥብ የተቀነሰበት ተማሪ አልቅሶ መጥቶብኝ ያውቃል። ደብተሩን አቅፎ ነበር። እንዲህ ያለ እርማት በጣም ያሳዝነኛል።

እኔ የምለው ምረጡ ነው። የምትጽፉት ታሪክ በፓሴ ሳምፕል የሚሄድ ከሆነ ሱብዦንክቲፍ አንፓርፌ ያምርበታል። በፓሴ ኮምፖዜ፣ በዕለት ተዕለቱ ንግግር ኃላፊ ጊዜ፣ ከሆነ ተዉት። አንዱ መስመር ላይ «ቫን»፣ ቀጣዩ ላይ «ቪየን» ስታደርጉ ግን አንባቢው ይደናቀፋል።

ቡና እየጠጡ መናገር

አትናገሩት። አንዲት ተማሪዬ የፈረንሳይ ባልደረቦቿን ለመጋበዝ «እንድትመጡ ፈልጌ ነበር» ስትል «ቫንሲዬ» አለች። ሰዋስዉ ልክ ነው። ጠረጴዛው ግን ጸጥ አለ፤ እሷም የተሳሳተች መስሏት ለሳምንታት ፈረንሳይኛ መናገር ፈራች። «ቨኒዬ» ብትል ኖሮ በቂ ነበር። ይህ ግስ ለዓይንና ለብዕር ነው የቀረው።

ያ ጎበዝ ልጅ ትናንት ጽሑፉን አርሞ መለሰልኝ። ከ«አፕሬ ክ» በኋላ የነበረችውን ቆብ አንስቷታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከ«አቫን ክ» በኋላ የነበረችውንም አንስቷታል። ቅዳሜ ጠዋት ቀጥሬዋለሁ።