በድሬዳዋ ሆነው በኢንተርኔት የሚቀርብ የግል ፈንድ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት

ለብዙ ዓመታት የጡረታ ድርጅቶችና ትልልቅ ባለሀብቶች ብቻ ሲገቡባቸው የኖሩት የፕራይቬት ኢኩዊቲ ፈንዶች (የብዙዎችን ገንዘብ አሰባስበው ኩባንያዎችን የሚገዙና ኋላ በትርፍ ለመሸጥ የሚሠሩ) ዛሬ እንደ ሙንፌር ባሉ የኢንተርኔት መድረኮች በኩል ለግለሰቦችም ይቀርባሉ። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «አብረን እንግባ» ብሎ ማስፈንጠሪያ ቢልክልዎ፣ ከሁሉ አስቀድመው የሕጉን ጉዳይ ያጣሩ። ኑሮው ኢትዮጵያ ውስጥ የሆነ ሰው ለኢንቨስትመንት የውጭ ምንዛሪ ወደ ውጭ ለማውጣት የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ከዚራ በሚገኝ ባንክዎ በኩል መጠየቅ ይቻላል። በዘመድ ስም መግባት አቋራጭ ቢመስልም ፈንዱ የሚያውቀው የፈረመውን ሰው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዘመድዎ ራሱ መግባት የሚፈቀድለት መሆኑን ያረጋግጡ። በአሜሪካ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፈንዶች የሚቀበሉት የዓመት ገቢው ከ200,000 ዶላር፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ከሆነ ከ300,000 ዶላር የሚበልጥ፣ ወይም መኖሪያ ቤቱ ሳይቆጠር ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ሀብት ያለውን ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በእርጋታ ሊነበብ የሚገባው የገንዘብ አከፋፈሉ ነው። 50,000 ዩሮ ለማስገባት የፈረመ ሰው ሙሉውን በአንድ ጊዜ አይከፍልም፤ የፈንዱ አስተዳዳሪ የሚገዛ ኩባንያ ባገኘ ቁጥር በተለያዩ ዓመታት ከፊሉን እንዲያስገባ ጥሪ ይልክለታል። ጥሪው እንደ ዕቁብ የታወቀ ቀን የለውም። ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ገንዘቡን በሙሉ ዕቃ ላይ ባዋለበት ወር ጥሪው ሊደርሰው ይችላል፤ በጊዜው ካልከፈለ ደግሞ እንደ ውሉ ቀድሞ ያስገባውን ድርሻ በከፊል እስከማጣት ይደርሳል። ፈንዱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ይቆያል፣ ሊራዘምም ይችላል።

«በየሩብ ዓመቱ ገንዘብ ማውጣት ይቻላል» የሚሉ ፈንዶችንም ቢሆን የማውጫ ጣሪያቸውን ይመልከቱ። ብላክስቶን የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ኩባንያ የሪል እስቴት ፈንድ የመውጫ ጥያቄው ከተወሰነው የሩብ ዓመት 5 በመቶ ጣሪያ ሲያልፍበት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ክፍያውን ገድቧል። ይህንንም ውሉ ይፈቅድለት ነበር።

ፈንዱ የሚያስከፍልዎትን ክፍያ በወረቀት ላይ ያስሉት። የተለመደው በዓመት 2 በመቶ የአስተዳደር ክፍያና ከትርፉ 20 በመቶ ነው። 2 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታሰበው ብዙ ጊዜ በተፈረመው ገንዘብ ላይ ስለሆነ፣ ከ50,000 ዩሮ ውስጥ ገና 10,000 ብቻ ከፍለው እንኳ በዓመት 1,000 ዩሮ ይቆረጣል። መድረኩ የራሱን ክፍያ በዚህ ላይ ይጨምራል፤ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ትርፍ ከነዚህ በፊት ይሁን በኋላ በጽሑፍ ይጠይቁ።

በብር እዚሁ አገር ውስጥ ተመሳሳይ ዕድል እንሰጣለን የሚል መተግበሪያ ካጋጠመዎ ግን በ1248/2013 አዋጅ የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጠው መሆኑን ሳያጣሩ አንድ ብር አይላኩ። በቴሌብር በኩል እያንዳንዱ በ300 ብር የተሸጠው የኢትዮ ቴሌኮም ድርሻ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን እንጂ ፈንድ ስላልነበረ፣ «እንደዚያው ነው» የሚል ሻጭ ቢመጣ ውሉን አምጣ ይበሉት።